ክር ያለበት አደንጓሬ

የእናቷን ቤት ዘግታ ከመሄዷ በፊት ጓሮውን ልታጸዳ፣ አጥሩ ላይ የደረቀውን የአደንጓሬ ሐረግ ስትይዝ አክስቷ ከኋላ «ኧረ ተይ፣ ክር ያለበትን እንዳትነኪው» አለቻት። ሟች እናቷ ጥቁሩን፣ ነጩን፣ ዝንጉርጉሩን ቀላቅላ ነበር የምትዘራው፤ «ዝናቡ ዘንድሮ የትኛውን እንደሚወድ ማን ያውቃል» እያለች። ከየዓይነቱ ያማረውን ዛላ መርጣ ገና በእሸቱ ክር ታስርበት ነበር። ክር የታሰረበት የዘር ነው፤ ቤተሰቡ ጦሙን ቢያድር እንኳ ድስት አይገባም። ልጅ ሳለች አንዱን ቀጥፋ የቀመሰችው ቁንጥጫ ዛሬም ጭኗ ላይ ያለ ይመስላታል።

ጎንበስ ብላ አንዱን ዛላ ያዘች። ክሩ ሐምራዊ ነበር፤ ፀሐይ ቢያደበዝዘውም አወቀችው። በመጀመሪያ ደመወዟ ገዝታ ለእናቷ የላከችው ሹራብ ክር ነው። አንድም ቀን ለብሳው ስላላየቻት፣ አልወደደችውም ብላ ስታኮርፍ ኖራለች።

«ተረተረችው?» አለች።

«ለብሼው ከሚያልቅ በየዓመቱ ልዝራው ትል ነበር» አለች አክስቷ፤ ወደ ቤት ገብታም የተረፈውን ይዛ መጣች። አንድ እጅጌ ብቻ ነበር።

ከሐረጉ ግርጌ ገና ያልደረቀ አንድ ዛላ ተንጠልጥሏል። እጅጌውን ከአክስቷ ተቀብላ የክሩን ጫፍ ፈልጋ ሳበችው።