የደጁ መንገድ

አፈሩን ጎርፍ እንዳይወስደው ተብሎ የተዘራው አዲሱ ሣር፣ ሳምንት ሰው ያልረገጠውን መንገድ ሁሉ ይውጣል። ወይንሸት በየእሁዱ ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር የረር ተራራ እየወጣች የብስክሌት መንገዱን ትመነጥራለች፤ የተናደውን ኩርባ በድንጋይ መልሳ ትክባለች።

ዛሬ ሥራው በጊዜ አለቀ። የቡድኑ አለቃ ጋሽ መንገሻ ዶማቸውን እየጠረጉ፣ «እናትሽን እግራቸውን ካመማቸው ወዲህ ጠየቅሻቸው?» አሏት።

«የት ትሄዳለች ብዬ ነው» አለች።

ከተራራው ግርጌ ካለው የእናቷ ቤት አጥር ስትደርስ ከብስክሌቷ ወረደች። እዚህም ከአጥሩ እስከ ቤቱ አዲሱ ሣር ጉልበት ድረስ ቆሟል። ደጃፉ ላይ ብቻ፣ ከቤት ወደ ውጭ የተጀመረ አንድ ክንድ የማይሞላ ጥርጊያ አለ፤ ጫፉ ላይ የሽንኩርት ቢላዋ ተሰክቷል።

እናቷ በመስኮት ብቅ አለች።

«መንገዱን እስከ አጥሩ ላደርስልሽ ነበር ልጄ፤ ቢላዋው ደነዘብኝ» አለቻት።