የሁለቱም ካርታ ይታይ

«የሁለታችንም ካርታ ለተመልካቹ ይታይ! የምንተስኖት ጉብዝና ዕድል ብቻ እንደሆነ ያኔ ሰው ሁሉ ያያል!» ብሎ የምንተስኖት ተጋጣሚ የውድድሩ አዘጋጅ ላይ ጮኸ።

«አብሮ አደግህ አይደል እንዴ? ምን እንዲህ አንገበገበህ?» አለ አዘጋጁ፤ ግን እሺ አለው።

በስልክ በሚካሄደው የኮንከር ካርታ ጨዋታ ውድድር ሦስት ዓመት ሙሉ ጭብጨባው የምንተስኖት ነበር። ዛሬ ሁለቱ ካርታቸውን ለተመልካቹ ለሚያሳየው ትልቅ ስክሪን ጀርባቸውን ሰጥተው ተጫወቱና ተጋጣሚው አሸነፈ። እጆቹን ሰቅሎ ዘሎ ተነሣ። አዳራሹም ቆሞ አጨበጨበ፤ የሁሉም ዓይን ግን ምንተስኖት ላይ ነበር።

አሸናፊው ዞሮ ስክሪኑ ላይ ጨዋታው ሲደገም አየ። ምንተስኖት ጨዋታውን የሚዘጋበትን ጆከር ከሦስት ዙር በፊት ስቦ፣ ሳይዘጋበት እስከ መጨረሻው በእጁ ይዞት ነበር።

ሰዉ ምንተስኖትን ለማቀፍ ሲጋፋ፣ አሸናፊው በጓሮ በር ወጣ።