ጥቁር ክር

አባታችን ያረፉ ዕለት ነጭ ክር ጠፍቶ የአቡጀዲ መግነዛቸውን እኔና ወንድሜ አወቀ በጥቁር ክር ሰፋነው። በሰላም አብረን የሠራነው የመጨረሻው ሥራ እሱ ነው። መሬቱንና በጎቹን ተካፈልን፤ ጠመንጃው ግን ለሁለት አይሰነጠቅም። በአፈሙዙ ባሩድና አንድ የእርሳስ ጥይት የሚጎርስ የጥንት ጠመንጃ ነው፤ መሣሪያ ሊመዘግቡ የመጡት የቀበሌ ታጣቂዎች ስቀውበት ትተውት ሄዱ። ታላቅ ነኝና ወሰድኩት። አወቀ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን አይመልስም።

ትናንት ገብሴን የሚፈጀውን ጭላዳ ላባርር አንድ ጊዜ ተኮስኩበት። ከዚያ ጠመንጃውን ወልውዬ፣ ምንም ሳላጎርሰው ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት። ቁልፉ አንገቴ ላይ አደረ። ዛሬ ጠዋት ላጎርሰው ብዬ መጀመሪያ መጠቅጠቂያ ዘንጉን ስሰድበት ታች ሳይደርስ ቆመ። ጎርሷል። ሳላውቅ ብደርብበት ፊቴ ላይ ይፈነዳ ነበር።

አወቀን ከማሳው ጠርቼ አመጣሁት።

«ልትገድለኝ ነው?» አልኩት።

«አንተን ለመግደል ሳጥን አልሰብርም፤ መንገድ ላይ አገኝሃለሁ» አለ።

ዓይኑ እያየ፣ እርሳሱ እንዳይወድቅ የተወተፈውን ጨርቅ በጠማማ ሽቦ ጎትቼ አወጣሁት። ነጭ አቡጀዲ ነው። እርጥብ ነው፤ አፈር አፈር ይሸታል። ጠርዙ በጥቁር ክር ተሰፍቷል።

አወቀ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰው። «ይኼ ስፌት የእኔ እጅ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እስቲ አፈሙዙን ድፋው።»

ደፋሁት። ሁለት እርሳስ እግራችን መሃል ዱብ ዱብ አለ።