ፍሬኑ ሳይግል የቆመው መኪና

“አባዬ፣ ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ በል... እንደሱ። አሁን ሸለቆውን እያየህ ፈገግ በል።”

አባትየው የብረቱን አጥር በሁለት እጃቸው ይዘው ፈገግ አሉ።

“ፍሬኑ ግሏል እንዴ?” ብለው ጠየቁ።

ልጁ ሳቀ። መኪናዋ አዲስ ናት... ፍሬኗ ምን ሆኖ ይግላል?

ሽማግሌው ግን የምራቸውን ነበር። በዚህ የተራራ መንገድ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል። ለሳቸው ሰው ተራራ ላይ የሚቆመው ፍሬን ለማብረድ ብቻ ነው።

ከሁለት ኩርባ ማዶ የምትሻገር ላም ስለሚያዩ ባልደረቦቻቸው “ንስሩ” ይሏቸው ነበር።

ልጁም በስልኩ ለሚቀርጸው ቪዲዮ ርዕስ ያወጣው ከዚያ ነው... “ንስሩ ወደ ተራራው ተመለሰ።”

ጉዞው ግን ለቪዲዮ አልነበረም።

ከተራራው ማዶ ባለችው ከተማ በዓመት አንዴ ከሩቅ የሚመጣ የዓይን ሐኪም አለ። ዛሬ ታካሚ የሚመዘግብበት የመጨረሻ ቀኑ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መዝገቡን ይዘጋል።

እህትየው ቀድማ ሄዳ ከጠዋት ጀምሮ ክሊኒኩ በር ላይ ወረፋ ይዛ ቆማለች። ወንድሟን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው... ከዘጠኝ በፊት አድርሰው።

ልጁ ደግሞ አባቱ መነጽር ሊቀይሩ መስሎታል። መነጽር የትም አለ።

የመጀመሪያው ቦታ ሃያ ደቂቃ ወሰደ። የባርኔጣው ጥላ ፊታቸው ላይ እየወደቀ አስቸገረ።

አባትየው ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁ። እጃቸው ላይ ሰዓት አለ። ልጁ እርጅና ነው ብሎ አለፈው።

ሁለተኛው የዋሻው መንገድ አፍ ላይ ነው። አባትየው እዚህ ቆመው እንደማያውቁ፣ ተሳፋሪ ሁሌም ችኩል እንደሆነ አወሩለት። ልጁ ወሬውን ወደደው፤ ድምፁ በንፋስ ተበላሽቷል ብሎ ሦስት ጊዜ አስደገማቸው።

ሦስተኛ ጊዜም ያንኑ ወሬ ሳያዛንፉ አወሩለት።

ደግመው ሰዓት ጠየቁ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልጨመሩም። ሹፌር ናቸው... መሪ የያዘ ሰው አይነዘነዝም ብለው ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት።

ሦስተኛው ቦታ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ነው፤ በድንጋይ ደረጃ ይወረዳል። ሽማግሌው እያንዳንዱን ደረጃ በእግራቸው ጫፍ እየዳበሱ ወረዱ። ልጁ ወገብህን አሞሃል ወይ ሲላቸው አዎ ወገቤን ነው አሉት።

እህትየው ደወለች። ልጁ ደርሰናል ብሏት ዘጋው።

ገና የአንድ ሰዓት መንገድ ይቀራቸው ነበር።

አራተኛው ቦታ... ሐይቁ።

ሐይቁ ደርቋል። ከላይ ሆኖ ቁልቁል ላየው፣ ነጭ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ብቻ ነው። ልጁ በሸቀ። ይህን ሁሉ መጥቶ ለጭቃ?

ሆኖም ስልኩን አባቱ ላይ አነጣጠረ።

“አባዬ፣ ስለ ሐይቁ አንድ ነገር በል።”

ሽማግሌው ደረታቸውን ነፋ አደረጉ።

“እዩት እንግዲህ... ዛሬ ደግሞ ብሶበታል። መስታወት ነው የሚመስለው። ጀልባዎችም አሉ መሰለኝ።”

አጠገባቸው የቆሙ ጎብኚዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት ሴትዮ ልጁን በክርኗ ነካ አደረገችው።

“አባትህ... ያያሉ?”

“ኧረ ቀልደኛ ነው። ንስር እኮ ነው የምልሽ።”

እዚያው ሆኖ ለጠፈው። ኔትወርኩ ደካማ ነበር... ቪዲዮው እስኪጫን አሥራ ሁለት ደቂቃ ጠበቁ።

ክሊኒኩ ሲደርሱ ዘጠኝ ከሃያ ሆኗል።

እህትየው የአባቷን ካርድ በእጇ እንደያዘች ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። አልጮኸችም። አላለቀሰችም። የምትናገረውም ለወንድሟ ሳይሆን ለካርዱ ይመስል ነበር።

ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ዓመት እንደሆነው ነገረችው። ቀኙ የሚያየው ጥላ ብቻ ነው። ሐኪሙ ያቺኑ ጥላ ነገ በኦፕሬሽን ለማትረፍ ሊሞክር ነበር። ዘጠኝ ሲሞላ ነርሷ ስማቸውን ሦስት ጊዜ ጠርታ፣ ተራቸውን ከኋላ ለቆመው ሰው ሰጠች።

እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ ጥላዋ እንደማትጠብቅም ነርሷ ሳትደብቅ ነግራታለች።

ልጁ ወደ አባቱ ዞረ።

“አባዬ... ለምን አልነገርከኝም?”

“ነግሬሃለሁ። በስልክ። አንድ ሁለቴም አይደል።”

“መቼ?”

“‘ቆይ አባዬ፣ መልሼ ልደውል’ ያልከኝ ጊዜ።”

“ዛሬስ? መንገድ ላይ? ሐይቁ ጋ ለምን...”

“ስትቀርጸኝ ደስ ብሎህ ነበር። ደስታህን ላበላሽብህ?”

ቪዲዮው እስከ ዛሬ አለ። አልጠፋም። ሥሩ የተጻፈውን ብታነቡ... “እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን”፣ “አባቱን ያከበረ ይባረክ”፣ “እኔን አስለቀሰኝ”።

ወዳጆቼ... ሰውን መውደድና ሰውን ማሳየት ለየቅል ናቸው። ያ ልጅ አባቱን አልጠላም። ቀኑን ሙሉ ሲያያቸው ነው የዋለው... በስልኩ መስታወት በኩል። ፊታቸውን ግን አላየም።

እናንተስ? ቤታችሁ ያለ ትልቅ ሰው “ደህና ነኝ” ሲላችሁ፣ እውነት ደህና መሆኑን የምታውቁት በምንድነው? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።

ልጁም የዚያን ዕለት አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ነበር።

እህቱ ግን አባቷን ደግፋ ታክሲ ውስጥ አስገባች፣ ከጎናቸው ተቀመጠች፣ በሩንም ዘጋችው።