የአጋታ ዐይኖች

የቅድስት አጋታ በዓል ዕለት፣ ካታኒያ ውስጥ፣ የሎሚ ነጋዴው ዶን ጋስፓሬ የሚስቱን ሥዕል ለዘመዶቹ አሳየ። ፎቶግራፍ ገና ብርቅ የነበረበት ዘመን ነው። መሸፈኛው ሲነሣ እንግዶቹ ወደ ሥዕሉ ተጠጉ።

ሸራው ላይ ያለችው አጋታ ጉንጯ ቀልቷል፤ ከንፈሯ ገርበብ ብሏል። ዐይኖቿ ከፊቷ ከሚቆመው ሰው ትከሻ በላይ አሻግረው ያያሉ፤ እንባ አቅርረው ይስቃሉ። ጋስፓሬ በስድስት ዓመት ትዳር ይህን ፊት አይቶት አያውቅም።

"አንተ ጋስፓሬ፣" አለች አክስቱ ዶና ቺቻ፣ "ሚስትህ እንዲህ የምታይህ ከሆነ ልጁ እስካሁን የት ቀረ?"

እንግዶቹ ሳቁ። አጋታ አንገቷን ደፋች።

ጋስፓሬ ታናሽ ወንድሙን ኑንዚዮን ወደ ጓሮ ጎትቶ አወጣው። ያገባች ሴት ከባዕድ ወንድ ጋር ብቻዋን አትቀመጥም፤ አጋታ ሠዓሊው ዘንድ በሄደች ቁጥር አብሯት የሚሄደው ኑንዚዮ ነበር።

"እዚያው ነበርክ አይደል? ምን አየህ?"

"ከሰውዬው ጀርባ ተቀምጬ ምን አያለሁ? ማጅራቱን ሳይ ከረምኩ።" ኑንዚዮ ምራቁን ተፋ። "ግን ወንድሜ፣ ይሄ ዝም የሚባል ነገር አይደለም።" ጩቤ አቀበለው።

ሠዓሊውን ማስትሮ ኦኖፍሪዮን በሥራ ክፍሉ ውስጥ ብሩሽ ሲያጥብ አገኙት። ጋስፓሬ አንገቱን አንቆ ከግድግዳው አጣበቀው።

"ነክተሃታል?"

"በቅድስቲቱ እምላለሁ! እኔ ያየሁትን ነው የሳልኩት። እሷ እኮ..."

የኑንዚዮ ቡጢ አፉ ላይ አረፈ። ሁለት ጥርስ ረገፈ።

"ስሟን እንዳትጠራ፣ ውሻ!"

ጋስፓሬ የሠዓሊውን ቀኝ እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሸራ በሚወጠርበት መዶሻ መታው። አንዴ፣ ሁለቴ። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ሠዓሊው ደም በሞላው አፉ አንድ ነገር ሊል ታገለ።

"ቆይ፣ ይናገር!" አለ ጋስፓሬ።

ኑንዚዮ ግን ጩቤውን ከወንድሙ ወገብ መዝዞ ሠዓሊው ደረት ላይ ሻጠው። መልሶም ሻጠው። ስለቱ የራሱንም መዳፍ ዘነጠለው።

ወዲያው በሩ ተበረገደ። አጋታ ከቤት ጀምራ ስትሮጥ የመጣች ነበረች፤ ትንፋሿ ተቆርጧል።

ጋስፓሬ አስከሬኑን አሳያት። "ይኸውልሽ! አልቅሺለት እንጂ!"

አጋታ አስከሬኑን ተሻግራ አለፈችና የኑንዚዮን እጅ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ "ምን ሆንክብኝ?" አለችው።