ሚካል የሠራችው ጌም

«ነጻ ታድርገውና እንጫወትላት» ይላል አንዱ። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደርድሮበታል።

ብሩኬ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ይገፋል። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ስለ ሶፍትዌርና ስለ ጌም ማውራት የሚወዱ ሰዎች የተሰበሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ከጠዋት ጀምሮ እየታመሰ ነው። አንዲት የግሩፑ አባል የስልክ ጌም ሠርታ መቶ ሃምሳ ብር ጠይቃበታለች። ተጫዋቹ የሚኒባስ ረዳት ሆኖ፣ ከብስራተ ገብርኤል ሀና ማርያም ድረስ ሰው እየጠራ፣ መልስ እየሰጠ፣ ትርፍ የጫነውን ከትራፊክ ፖሊስ እየሸሸገ ይሄዳል።

የሠራችው ሚካል ናት፤ የብሩኬ ሚስት። አሁን መኝታ ቤት በሩን ዘግታ ተቀምጣለች። ግሩፑ ውስጥ ባልና ሚስት መሆናቸውን የሚያውቅ የለም።

ትናንት ማታ ያለቀውን ጌም ከነዋጋው ስታሳየው፣ «ሚካዬ፣ ለዚህ ማን መቶ ሃምሳ ብር ይከፍላል?» አላት። ክፋት አስቦ አልነበረም። ላፕቶፗን ቀስ ብላ ከደነችና «እሺ» አለች። ከዚያ ወዲህ ከአፏ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው። ቁርስ እንብላ? እሺ። ሻይ ላፍላልሽ? እሺ። ብሩኬ በአምስት ዓመት ትዳር ውስጥ እንደዚህ ቃል የፈራው ነገር የለም።

«በዚህ ብር ሁለት ማኪያቶ እጠጣለሁ» ይላል ሌላው።

ሚካል ትመልሳለች፦ «ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። የመንገዱን ድምፅ የቀዳሁት ራሴ ታክሲ ውስጥ እየተሳፈርኩ ነው።»

ጆኒ የሚባለው ወዲያው ይጽፋል፦ «ማን አስገደደሽ? ደሞ ለዚህ ማን መቶ ሃምሳ ብር ይከፍላል?»

ብሩኬ ብድግ ብሎ ይቀመጣል። ቃል በቃል የራሱ ነው። ትናንት ከአፉ ሲወጣ ምክር ይመስል ነበር። እዚህ ተጽፎ ሲያየው ምራቅ ይመስላል።

ይጽፋል፦ «እኔ እከፍላለሁ። ሁለት ዓመት የተለፋበት ሥራ ነው። ከብዶህ ከሆነ አትግዛ፤ ሰውን ግን አታዋርድ።»

«አንተ ደግሞ ምን ጥልቅ አደረገህ?» ይላል ጆኒ።

ኢሉ ይገባል። ኢሉ ከግሩፑ መሥራቾች አንዱ ነው፤ ማን ምን ብሎ እንደነበር አይረሳም። «ተዉት፣ ብሩኬ አቋም አለው። ባለፈው የውጭው ጌም ዋጋ ሰማንያ ዶላር ሲገባ ስንጮህ፣ ‹የተለፋበት ነው፣ ይከፈላል› ብሎ ብቻውን የተከራከረን እሱ ነው። ለፈረንጅም ለሐበሻም ያው ነው። አከብርሃለሁ ወንድሜ።»

አውራ ጣቶች፣ ጭብጨባዎች። ብሩኬ ፊቱ ይግላል። ሰማንያ ዶላር ለሚያህል ገንዘብ፣ ለማያውቃቸው ሰዎች ብሎ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተሟግቷል። የተዘጋውን በር ያያል። ከበሩ ወዲያ ይህንን የኢሉን ምስጋና እያነበበች ነው።

ጽፎ ያጠፋል። እንደገና ይጽፋል።

«ኢሉ፣ አታክብረኝ። ጆኒ ያለውን ትናንት ማታ እኔም ብያታለሁ፤ ያውም ፊት ለፊት። ሚካ ሚስቴ ናት።»

ግሩፑ ቀውጢ ይሆናል። «ኧረ በስመ አብ!» «እኛ ስንፋጅ እናንተ አንድ ቤት ናችሁ?» ጆኒ፣ «ወይኔ! ሚካ፣ አፉ በይኝ» ብሎ የተጣመሩ እጆች ይለጥፋል።

«እና አንተስ ገዛኸው?» ይላል ኢሉ።

አልገዛም። ለሙከራ ብላ በነጻ የጫነችለትን እንኳ ሁለት ጊዜ ነካክቶ ትቶታል። ሊንኩን ይከፍታል፣ የሚስጥር ቁጥሩን ያስገባል፣ ይከፍላል።

መኝታ ቤት ውስጥ የሚካል ስልክ መልእክት ገብቶ ይጮኻል።

በሩ ወዲያው አይከፈትም። ሲከፈት ሚካል በነጠላ ጫማ፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ፣ በሩ ደፍ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። አፏ ዳር ግን የሆነ ነገር ለማምለጥ ይታገላል።

«ብሩኬ፣ የራሳችንን ብር ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ አዛወርከው እኮ።»

«ኮሚሽንም ተቆርጦበታል» ይላል።

ያመልጣታል፤ ሳቋ ቤቱን ይሞላል። ብሩኬ ግን አይስቅም። «ይቅርታ ሚካዬ» ይላል።

«ምን ፈርተህ ነው እንደዚያ ያልከኝ?»

«እንዳይስቁብሽ።»

«ሳቁብኝ። ይኸው አልሞትኩም።» መጥታ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ ቀዝቃዛ እግሮቿን ከጭኑ ሥር ታስገባለች። «አንተ ትናንት ያልከኝ ግን ገድሎኝ ነበር።»

ክንዱን ትከሻዋ ላይ ያደርጋል፤ አትሸሽም። ስልኩን ትሰጠዋለች። «በል፣ ከፍለህበታል። ተጫወት።»

ሁለተኛው ፌርማታ ሳይደርስ አንዲት ተሳፋሪ መልስ አጎደልክብኝ ብላ ትሰድበዋለች። ቀጥሎ ትራፊክ ይይዘዋል። ሚካል አገጯን ትከሻው ላይ አሳርፋ «ጎንበስ በሉ በላቸው! ጎንበስ!» ትላለች። እንደገና ከብስራተ ገብርኤል ይነሳል። በዚህ ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ ረዳቱ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ የሰማው ድምፅ ጣቱን ያስቆመዋል።

«ይሄ የማን ድምፅ ነው?»

«ድምፁን የሚያስቀዳኝ ወያላ አጣሁ» ትላለች፤ ፊቷን አንገቱ ውስጥ ደብቃ።

ብሩኬ አይጫወትም። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ያዳምጣል። ሚካል ድምጿን አጎርንና፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ፣ በመንገዱ ጩኸት መሀል ትጣራለች፦ «ሀና! ሀና! አንድ ሰው! አንድ ሰው ነው የቀረው!»