የማያዛጋው ድምፅ

ሹፌር መሪ ይዞ ስልክ ማንሳት የቀረበት ዘመን ነው። ጎማው እስኪቆም ድረስ ለደዋዩ የሚመልስለት መተግበሪያው ነው፤ ያውም በራሱ በሹፌሩ ድምፅ።

የሺመቤት ባሏ ደምሰው ተሳቢውን ይዞ ወደ ጅቡቲ በወጣ ቁጥር ትደውላለች። «ደህና ነኝ የሺዬ፤ አንቺስ? ልጆቹስ? ጎረቤቱስ?» እያለ ድምፁ ሰላምታውን አንድ ሳያስቀር ያደርስላታል። ደምሰው እቴ! እሱ መች እንዲህ ታግሶ ያውቃል።

መተግበሪያውን የሚያስሞክረው ድርጅት ኪሩቤል የሚባል ወጣት ላከባት።

«እትዬ፣ እንዴት አገኙት?»

«ጨዋ ነው። ግን አያዛጋም።»

«አያዛጋም?»

«ደምሰው ሲያዛጋ በስልክ ከሰማሁ፣ ‹ዳር ያዝና ተኛ› እለው ነበር፤ እሱም ይሰማኛል። ይሄኛው ሁልጊዜ ደህና ነው። ታዲያ እኔ ባሌን በምን ልወቀው?»

ኪሩቤል «አያዛጋም» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ደምሰው ሲመለስ ይህንኑ ነገረችው። ሳቀ።

በሚቀጥለው ጉዞ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የሺመቤት ስልክ ጮኸ።

«መተሐራ ቆሜያለሁ» አለ የሻከረ ድምፅ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ከዚያ ረጅም ማዛጋት መጣ። «ሰማሽ?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሰማሁ። በል፣ ጫማህን አውልቅና ተኛ።»

«እሺ።»

ስልኩን ሳይዘጋው ማንኮራፋት ጀመረ። እሷም አልዘጋችውም።